መሐል ከተማ ሱቅ ለመክፈት፦ ኪራይ ከመቁጠር በፊት እግረኛ መቁጠር

በአዲስ አበባ መሐል ከተማ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ለመክፈት የተነሳ ነጋዴ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ቤቱ አስፋልት ዳር ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ኪራዩ ስንት ነው የሚል ይሆናል። ደላላውም ቤት የሚያሳየው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ውል ታስሮ፣ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተከፍሎ፣ መደርደሪያው ተሞልቶ ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ግን በበሩ የሚያልፈው ሰው ብዙ፣ ገብቶ የሚገዛው ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ስህተቱን ማረም ከባድ ነው። ዋጋ ቢወደድ ይቀነሳል፣ ሸቀጥ ባይሄድ ይለወጣል፣ ሠራተኛ ባይስማማ ይሰናበታል፤ ቦታ ግን አንዴ ከተያዘ ካፒታሉን ይዞ ይቀመጣል።

በከተማው አነጋገር «ግሮሰሪ» ሲባል ቢራና ድራፍት የሚጠጣበት ቤት ነው። እዚህ የሚነሳው ግን ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ወተትና የባልትና ውጤት የሚሸጠው መደብር፣ ማለትም ሚኒ ማርኬትና መለስተኛ ሱፐርማርኬት የሚባለው ነው። የዚህ ንግድ ትርፍ ከአንድ ዕቃ ላይ ሲታይ ቀጭን በመሆኑ ነጋዴውን የሚያኖረው የደንበኛው መመላለስ ነው። የሚመላለሰው ደንበኛ ደግሞ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው ለሳሙናና ለስኳር ሲል ሩቅ አይሄድም።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ነገሩን በቁጥር ለማየት ሁለት ቤቶችን በምሳሌነት ማነጻጸር ይቻላል። አንደኛው ዋና ጎዳና ላይ ያለ፣ በወር 120 ሺህ ብር የሚከራይ ነው። ሁለተኛው ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኝ የውስጥ መንገድ ላይ ያለ፣ በወር 45 ሺህ ብር የሚከራይ ነው። ለሠራተኛ፣ ለመብራት፣ ለጥበቃና ለመሳሰለው ሁለቱም በወር 60 ሺህ ብር ያወጣሉ እንበል። ከ100 ብር ሽያጭ ውስጥ የሸቀጡ መግዣ ተቀንሶ ለነጋዴው የሚቀረው 12 ብር ነው ተብሎ ይያዝ።

የዋናው ጎዳና ሱቅ በወር 180 ሺህ ብር ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር መሸጥ አለበት። ይህ በቀን 50 ሺህ ብር ነው። አንድ ገዢ በአማካይ የ350 ብር ዕቃ ቢወስድ በቀን 143 ገዢ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የውስጥ መንገዱ ሱቅ ወጪ 105 ሺህ ብር በመሆኑ በወር 875 ሺህ፣ በቀን 29 ሺህ 167 ብር ገደማ ቢሸጥ ይበቃዋል። ይህም 84 ገዢ ነው። ልዩነቱ በቀን 59 ሰው ይሆናል። ከ100 አላፊ አግዳሚ 2ቱ ብቻ ገብተው የሚገዙ ከሆነ ዋናው ጎዳና ከውስጥ መንገዱ በላይ በቀን 2 ሺህ 950 ተጨማሪ እግረኛ ማምጣት ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ ነጋዴው አንዲት ብር ሳያተርፍ ነው።

ጉዳዩ በዚህም አያበቃም። ታክሲ መያዣ አጠገብ የሚገዛ ሰው እጁ ላይ ቦርሳ ይዞ ተሰልፏልና የሚወስደው ውኃ፣ ብስኩት ወይም ማስቲካ ነው። በአማካይ 150 ብር ቢያወጣ ያው ሱቅ ወጪውን ለመሸፈን በቀን 334 ገዢ ይፈልጋል። ወደ ቤቱ እየገባ ያለ ሰው ግን ዘይት በሊትር፣ ዱቄት በኪሎ፣ ሳሙና በርከት አድርጎ ይገዛል። ስለዚህ ስንት ሰው ያልፋል ከሚለው ጋር ምን ሊገዛ የሚችል ሰው ያልፋል የሚለው አብሮ መታየት አለበት።

በቅድሚያ የሚከፈለው ኪራይም ሌላ ሂሳብ አለው። የስድስት ወር ኪራይ ለመጀመሪያው ቤት 720 ሺህ፣ ለሁለተኛው 270 ሺህ ብር ነው። የ450 ሺህ ብሩ ልዩነት መደርደሪያ ላይ ሸቀጥ ሆኖ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ሊገለበጥ የሚችል ገንዘብ ነበር። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ መደርደሪያ ለመሙላት የሚጠይቀው ካፒታል ስላደገ፣ ገንዘብን በግድግዳ ላይ ማሰር ከቀድሞው ይልቅ ይጎዳል።

ሰፈሩ ውስጥ ማን ቀርቷል?

መሐል ከተማን በቀድሞ ዝናው የሚመዝን ነጋዴ ሊሳሳት ይችላል። በፒያሳ በ2016፣ በካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ሄደዋል። ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ገብተዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ አምሯል፣ መብራቱ በዝቷል። የሚያልፈው ሰውም አልጠፋም። ነገር ግን በወር መጨረሻ አስቤዛ የሚገዛው፣ ልጁን ልኮ እንቁላልና ዳቦ የሚያስመጣው አባወራ በቦታው የለም። በምትኩ የመጣው የቢሮ ሠራተኛ፣ ባለጉዳይና ጎብኚ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሚስበው ጎብኚም ውኃና ለስላሳ እንጂ 5 ሊትር ዘይት ተሸክሞ አይሄድም።

ይህ ማለት ቦታው ለንግድ አይሆንም ማለት አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ደንበኛ ቀዝቃዛ መጠጥ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሳንድዊችና ፍራፍሬ ላይ ያተኮረ ጠባብ ሱቅ ሊያዋጣ ይችላል። ትልቅ ቤት ተከራይቶ ዱቄትና ዲተርጀንት መደርደር ግን ደንበኛው በሌለበት ድግስ መደገስ ነው።

የገበያ መዛወር ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። መርካቶ ራሱ የተቋቋመው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ ነው። በቅርቡም አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል። በአንድ ትልቅ ገበያ ጥላ ሥር የተከፈተ ሱቅ ገበያው ሲነሳ ጥላውን ያጣል። ቦታ የሚመርጥ ሰው ደንበኛውን የሚያመጣለት ነገር አንድ ብቻ ነው ወይስ ሁለትና ሦስት ብሎ መጠየቁ ከዚህ የመጣ ጥንቃቄ ነው።

የጠዋት ጎንና የማታ ጎን

አንድ መንገድ ሁለት ገበያ አለው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሰው የሚሄድበት ጎንና ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጎን እኩል አይሸጡም። ለሸቀጣ ሸቀጥ የሚያዋጣው የማታው ጎን ነው። ሜክሲኮ፣ ለገሀርና ስታዲየምን በመሰሉ መተላለፊያዎች አውቶቡስና ታክሲ ተሳፋሪ የሚያወርዱት በቀኝ በኩል በመሆኑ ጎኑን ለይቶ ማወቅ አይከብድም። መንገዱ በሐዲድ ከተከፈለ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ጎዳናውን በአጥር ለሁለት ከፍሎታል። ከማዶ የሚታይ ሱቅ ለመድረስ እስከ ማቋረጫው መዞር ካስፈለገ ደንበኛው አያደርገውም። ሱቁን ማየት ብቻውን ገዢ አያደርገውም።

ቆጠራው የሚከናወነውም በዚሁ መንፈስ ነው። አንድ ወጣት ወረቀትና እስኪሪብቶ ይዞ ከቤቱ ፊት ለፊት ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ቀን ከ6 እስከ 8፣ ማታ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ቢቆም በቂ ነው። አንድ ቀን ብቻ ግን አያስተማምንም። ማክሰኞ፣ ዓርብና ቅዳሜ መታየት አለባቸው፤ ደመወዝ በሚከፈልበት ሳምንትና በወሩ አጋማሽ መካከል ያለውም ልዩነት እንዲሁ። የበዓል ዋዜማ የሚቆጠር ሰው ያታልላል። የሚቆጠረውም ሰው በሦስት ቢለይ ይጠቅማል፦ ባዶ እጁን የሚያልፍ፣ ፌስታል ይዞ የሚያልፍና አጠገብ ካለ ሱቅ የሚገባ። ፌስታል የያዘው ብዙ ከሆነ ከየት እንደገዛ መከተል ተፎካካሪውን ያሳውቃል።

ጎረቤት ያስከብራል፣ ጎረቤት ያከስራል

በመርካቶ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች በየተራቸው ተጠጋግተው መቀመጣቸው ይጠቅማቸዋል። ጨርቅ ወይም ጫማ የሚገዛ ሰው አማርጦ፣ ዋጋ አወዳድሮ ነውና ብዙ ሱቅ ባለበት ይሄዳል። ይህ አሠራር ለሸቀጣ ሸቀጥ መደብር አይሠራም። አንድ ፓኬት ስኳር ለመግዛት ሦስት ሱቅ የሚዞር የለም። ስለዚህ ሦስት ሚኒ ማርኬት በተሰለፈበት መንገድ አራተኛ መክፈት ያንኑ ገዢ ለአራት መካፈል ነው።

በአንጻሩ ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ አትክልት ቤትና ፋርማሲ መልካም ጎረቤቶች ናቸው። ሰው ከእነርሱ ዘንድ የሚመጣው ለዕለት ፍጆታው ስለሆነ የቀረውን ለማሟላት ጎራ ይላል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር መደብርና የእሁድ ገበያ ደግሞ በዘይት፣ በስኳርና በጤፍ ዋጋ የሚፎካከሯቸው ይቸገራሉ። በአጠገባቸው የሚከፍት ሰው ሌላ ሸቀጥ ላይ ማተኮር ይኖርበታል።

ከትላልቆቹ ጋር ያለው ፉክክርም እየመጣ ነው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቀድሞ ለኢትዮጵያውያን ተለይቶ የነበረው የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶችም ተከፍቷል። ሰፊ ወለልና መኪና ማቆሚያ የሚፈልግ ድርጅት ዓይኑን የሚጥለው በትልልቅ ሕንጻዎች ላይ ነው። ትንሹ ነጋዴ በዋጋ ሊረታው ባይችልም በቅርበት ሊረታው ይችላል። በካዛንቺስ አካባቢ ባምቢስ የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው ከሱፐርማርኬት መሆኑ፣ ቦታውን በትክክል የያዘ መደብር ለሰፈሩ ምልክት እስከመሆን እንደሚደርስ ያሳያል።

የጓሮው በር

ከፊት ያማረ ቤት ከኋላ ሊያስቸግር ይችላል። በአዲሶቹ ጎዳናዎች ዳር መኪና ማቆም በመጥበቡ የጭነት መኪና የት ቆሞ እንደሚያራግፍ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከመርካቶ የሚመጣ አይሱዙ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ከቆመ የእያንዳንዱ ካርቶን ዋጋ በሸክም ይጨምራል። የአካባቢው ጫኝና አውራጅ የሚጠይቀው ክፍያም ከውል በፊት ቢጠየቅ ይበጃል። ወተት፣ እርጎና አይስክሬም ለመሸጥ የታሰበበት ቤት ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ ከሌላ ተከራይ ጋር የጋራ፣ ስንት ማቀዝቀዣ ይሸከማል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የት ይቀመጣል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ። ቤቱን በክረምት ማየትም አይከፋም፤ በበጋ ደረቅ የነበረ ደጅ በሐምሌ ኩሬ ሲሆን ደንበኛው በማዶ ያልፋል።

ወረቀቱ

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ለቤት ውል የተነገረ ይመስላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። የሱቅ ተከራይ ከኪራይ ጭማሪ የሚከላከለው በዋናነት በውሉ ላይ ያሰፈረው ቃል ነው። ስለዚህ የውሉ ዘመን፣ ጭማሪው በየስንት ጊዜና በምን ያህል እንደሚሆን፣ ማን ለማን ቀድሞ ማስታወቂያ እንደሚሰጥ በጽሑፍ መስፈር አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ5 ዓመት ለሚበልጥ የቤት ኪራይ ውሉ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ እንደማይጸና ይደነግጋል። ቤቱ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት «አላውቅህም» ሊል ይችላል ማለት ነው።

ቤቱ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ከሆነ የሚያከራየው ሰው ለሌላ የማከራየት መብት እንዳለው መጣራት ይኖርበታል። ለቀድሞው ተከራይ «የቁልፍ» ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብ ከባለንብረቱ ጋር ውል ሳይታሰር ከተከፈለ መመለሻ የለውም። አካባቢው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መሆን አለመሆኑም ከወረዳና ከክፍለ ከተማ መጠየቅ አለበት። ቤት ሲፈርስ ካሳ በመሠረቱ የሚታሰበው ለባለይዞታው ነው፤ ተከራዩ ለመደርደሪያ፣ ለቀለምና ለደንበኛ ማፍሪያ ያፈሰሰውን የሚያስብለት ሊያጣ ይችላል።

በዚህ ረገድ ለደላላውም የሚጠቅም ነገር አለ። ባዶ ቤት ከማሳየት ይልቅ የቆጣሪውን ሁኔታ፣ የማራገፊያውን ቦታ፣ የባለንብረቱን ሰነድና የማታውን እግረኛ ብዛት ይዞ የሚቀርብ ደላላ የሚያገናኘው ውል ይሰነብታል። በዓመቱ የፈረሰ ውል ኮሚሽን ቢያስገኝም ደንበኛ አያስገኝም።

ሁሉንም የሚያሟላ ቤት እምብዛም አይገኝም። የማታው ጎን ላይ ሆኖ ማራገፊያ የሌለው፣ ማራገፊያ ኖሮት ውሉ አጭር የሆነ ያጋጥማል። ነጋዴው የትኛውን ጉድለት በገንዘብ ሊሸፍነው እንደሚችል ለይቶ ማወቅ አለበት። ጄኔሬተር ይገዛል፣ ሸክም ይከፈላል፣ ማስታወቂያ ይሰቀላል። የማያልፍ ሰውንና የማይጸና ውልን ግን የሚያካክስ ወጪ የለም። ለቆጠራና ለማጣራት የሚጠፋው ሁለት ሦስት ሳምንት ከስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።