ከብዕር በፊት ጨዋታ

ሕፃን ሲዘል «አርፈህ ተቀመጥ!» ማለት ይቀናናል። በመድረሳም ሆነ በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ እርሳስ መጨበጥ ያቃተውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ግን በቂ ተጫውቷል ወይ ብለን እንጠይቅ።

ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር እየዘለሉ ሚዛን መጠበቅን ያለማምዳል። ቅልሞሽ ደግሞ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ ሌላውን ከመሬት አንስቶ መቅለብን ስለሚጠይቅ ዓይንንና እጅን ያስተባብራል፤ ጣትንም ያፍታታል። ጠጠር ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን ግን ኳስ ማንከባለል ይበጀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ለማስመሪያ የከሰል ስባሪ፣ ለመቅለቢያ አምስት ጠጠር ይበቃል። ለወንዶችም ለሴቶችም ልጆቻችን የመጫወቻ ጊዜ አንንፈጋቸው።