የተጫዋች ዋጋ ሚዛን፦ ዓይን፣ ካሜራና ቁጥር

ሆሴ አልቱቬ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የአሜሪካው ሂውስተን አስትሮስ ቤዝቦል ክለብ ባደገባት በቬኔዙዌላዋ ማራካይ ከተማ የምልመላ ፈተና ያካሂድ ነበር። ልጁም ዕድሉን ለመሞከር ይሄዳል። መልማዮቹ ግን ቁመቱን አይተው፣ በማግስቱ እንዳይመለስ ነግረው አሰናበቱት። አባቱ ሂድ ተመለስ አሉት፤ ተመለሰ። ከክለቡ ሰዎች አንዱ የሆኑት አል ፔድሪኬም ዳግመኛ እንዲታይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በ15,000 ዶላር ተፈራረመ። በ2017 የአሜሪካ ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በ2018 ደግሞ ይኸው ክለብ ለ5 ዓመት 151 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ። ቁመቱ ያው 1 ሜትር ከ68 ነው።

አንድ ቀን ብቻ በታየ ዓይን ይህ ሁሉ ሀብት ሊያመልጥ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል በዓይን ተወድዶ፣ በውድ ተገዝቶ፣ ያለ ፍሬ የቀረውም ብዙ ነው። የቤዝቦል ወጣት ገበያ የላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ገበያ ነው፤ የሚገዛው የዛሬው ጨዋታ ሳይሆን ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ነው። በ2023 በዓመታዊው የወጣቶች ምርጫ አንደኛ የወጣው ፖል ስኪንስ በታላቁ ሊግ አንዲት ኳስ ሳይወረውር ለፊርማው ብቻ 9.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። ይህን ያህል ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ክለቦች በሦስት መንገድ ይመዝናሉ።

ዓይን የሚያየው

የመጀመሪያው ሜዳ ድረስ ሄዶ የሚያየው መልማይ ነው። መልማይ ከ20 እስከ 80 በሚደርስ መለኪያ ነጥብ ይሰጣል፤ 50 የታላቁ ሊግ መካከለኛ ተጫዋች ነው። የሚመዘነውም አምስት ነገር ነው፦ ኳስ የመምታት ችሎታ፣ የምት ኃይል፣ ሩጫ፣ የክንድ ጥንካሬና ኳስ አያያዝ። መልማዩ ከዚህ በላይ የሚያየው አለ። ልጁ ከተሸነፈ በኋላ ምን ያደርጋል? ማንም በማያየው ልምምድ ላይ ይተጋል? ጉዳት ደብቆ ይጫወታል? ይህን ቁጥር አይነግርም።

የዓይን ጉድለቱ ደግሞ ቁመናን መውደዱ ነው። ረጅምና ትከሻው ሰፊ የሆነውን ከፍ፣ አጭሩን ዝቅ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ተጫዋቹን በክፉ ቀኑ ያገኘው መልማይ በክፉ ቀኑ ይፈርድበታል።

ቁጥር የሚቆጥረው

ይህን ጉድለት ተመልክቶ የነገደበት የኦክላንድ አትሌቲክስ ክለብ ነበር። በ2002 የክለቡ የደመወዝ ወጪ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የኒውዮርክ ያንኪስ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሁለቱም በመደበኛው ውድድር እኩል 103 ጨዋታ አሸነፉ። የኦክላንዱ ሥራ አስኪያጅ ቢሊ ቢን ያደረጉት ገበያው የናቀውን መግዛት ነው። ይኸውም አምሮ የሚታየውን ሳይሆን፣ ዳኛ ሳያስወጣው የመጀመሪያውን ቤዝ ደጋግሞ የሚረግጠውን መቺ ፈለጉ።

ሆኖም ወሬው ሲወራ የሚዘለል ነገር አለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሊግ ኮከብ የተባለው የኦክላንዱ ሚጌል ቴሃዳ በስሌት የተገኘ አልነበረም። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በመልማይ ዓይን ተመርጦ በ2,000 ዶላር የተፈረመ ነው። በአንጻሩ ክለቡ በዚሁ በ2002 በኮሌጅ ውጤቱ ተማምኖ በ35ኛ ተራ የመረጠው ጄረሚ ብራውን በታላቁ ሊግ የተጫወተው 5 ጨዋታ ብቻ ነው።

ቁጥር ሲነበብ የመጣበት ቦታ አብሮ ይጠየቃል። የአሜሪካ ኮሌጆች መቺዎች የብረት ዱላ ይይዛሉ፤ በታላቁ ሊግ የሚፈቀደው የእንጨት ብቻ ነው። የዴንቨር ከተማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከአዲስ አበባ ዝቅ ብትልም አየሩ ስስ በመሆኑ ኳስ ራቅ ብሎ ይሄዳል። እዚያ የተመዘገበ የመቺ ውጤት ሳይቀናነስ ከተወሰደ፣ ባልተስተካከለ ሚዛን እንደ መግዛት ነው።

ካሜራ የሚይዘው

ሦስተኛው ምስል ነው። ዓይን አንዴ ያየውን ካሜራ መቶ ጊዜ ይደግመዋል፤ የወርዋሪው ክርን ከየት እንደሚነሳ፣ የመቺው ዱላ የት እንደሚዘገይ በዝግታ ያሳያል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በ30ዎቹም የታላቁ ሊግ ስታዲየሞች ስታትካስት የተባለው መሣሪያ የኳሱን ፍጥነትና ከዱላ የሚነሳበትን አንግል ይለካል። ነገር ግን ወኪሎች የሚልኩት ምስል የተመረጠ ነው። በጆንያው አፍ ላይ ጥሩው ፍሬ እንደሚደረግ ሁሉ፣ የተሳተው ምት ተቆርጦ ይወጣል።

ሦስቱ ሲጣሉ

ሦስቱ ሲስማሙ ዋጋው ለሁሉም ክለብ ግልጽ ስለሆነ ትርፉ ጠባብ ነው። ትርፉም ኪሳራውም ያለው ሲጣሉ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ መልማዩ ካልወደደው፣ ምስሉ ይጠየቃል። ምቱ ረጅምና ዘገምተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ቁጥሩ የተሰበሰበው ከደካማ ወርዋሪዎች ላይ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ መልማዩ ከወደደውና ምስሉ ከጉዳት ወዲህ አቋቋሙን እንደለወጠ ካሳየ ግን፣ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ነጥቦች ደምሮ ለሦስት ማካፈል ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

ለዚህም አንድ ሁኔታ ያስፈልጋል። መልማዩ ቁጥሩን ሳያይ ፍርዱን መጻፍ አለበት። ቁጥሩን አስቀድሞ ካየ ዓይኑ የቁጥሩ አስተጋቢ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሦስት ምስክር ሳይሆን ሦስት ጊዜ የተናገረ አንድ ምስክር ነው ያለው። ቡና ነጋዴም ጥሬውን አይቶ፣ አስቆልቶ፣ በሲኒ አስቀምሶ የሚገዛው አንዱ የሌላውን ውሸት እንዲያጋልጥለት ነው።

መረጃውም ሸቀጥ ነው

እንዲህ የተጠናቀረ መዝገብ ምን ያህል እንደሚያወጣ በፍርድ ቤት ታይቷል። የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የምልመላ ኃላፊ የነበረው ክሪስ ኮሬያ የሂውስተን አስትሮስን የተጫዋቾች መዝገብ በኮምፒዩተር ሰብሮ በመግባቱ በ2016 የ46 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ክለቡም በ2017 ለአስትሮስ 2 ሚሊዮን ዶላርና የዓመቱን ሁለት የመጀመሪያ ምርጫዎች እንዲያስረክብ ታዟል።

ካሜራና ስሌት ከተስፋፉ ወዲህ አንዳንድ ክለቦች የመስክ መልማዮቻቸውን ቀንሰዋል። የመልማይ ደመወዝና የመንገድ ወጪ ሲቀር በመዝገብ ላይ ቁጠባ ሆኖ ይታያል። ማራካይ ላይ ግን ልጁን ያሰናበተው ዓይን እንደሆነ ሁሉ፣ በማግስቱ መልሶ ያገኘውም ዓይን ነው። ያኔ የአልቱቬ ስም በየትኛውም ታላቅ ሊግ መዝገብ ውስጥ አልነበረም።