ሞራ ሌላ፣ ስብ ሌላ

«እትዬ፣ ዓይንዎን ሞራ ያለበሰው እኮ ቅቤው ነው፤ እሱን ይተዉት፣ ይድናሉ።» ሰሞኑን ሚዛን ቴፈሪ ውስጥ ቡና ስንጠጣ ጎረቤት ለጎረቤት የሰጠው ምክር ነው። ሴትዮዋ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ቅቤውን ትተዋል፤ የስኳር ክትትላቸውንም አብረው ትተውታል። ይኸው ወሬ ቴፒም ላይ ሲደገም ስለሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥፋቱ ከቃሉ ይጀምራል። ሞራ ሲባል የበግ ሆድ ዕቃ የሚሸፍነው ስብ ትዝ ይለናል። የዓይን ሞራ ግን ስብ ሳይሆን የዓይን ሌንስ ፕሮቲን ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። ስኳር ያፋጥነዋል፤ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከሌንሱ ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና ነው።

ሬቲናን የሚመግቡት ደም ስሮች ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ናቸው። ከውጭ አቅፈው የያዟቸው ፔሪሳይት የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ለአንድ የግድግዳ ሴል አንድ ያህል ይደርሰዋል። የደም ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ቀድመው ከሚሞቱት መካከል እነዚህ ናቸው። እቅፉ የላላበት ቦታ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ግድግዳውም ማፍሰስ ይጀምራል። የተሰነጠቀ ጀበና አይታችኋል? ውሃው ይደርቃል፤ ስንጥቁ ዙሪያ ግን የቡና ቅሪት ይጋገራል። ከደም ስር የፈሰሰው ውሃም ተመልሶ ይመጠጣል፤ አብሮት የወጣው የደም ስብ ግን ይቀራል። ብሌኑን በጠብታ አስፍተን ስናይ ቅሪቱ ጠርዙ የጠራ ቢጫ ነጥብ ሆኖ፣ አንዳንዴም የሚያፈሰውን ቦታ እንደ ቀለበት ከቦ ይታያል።

ስቡ እንግዲህ በፈረሰ አጥር የገባ ነው። አጥሩን የሚያፈርሰው ስኳሩ ነው፤ የደም ግፊትም ያግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ዓይነት አንድ ስኳር ኖሮባቸው ዓይናቸው ገና ያልተነካ ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ የሬቲና ጉዳት በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በድንገት ሲወርድ ግን ጉዳቱ ለጊዜው ሊብስ ስለሚችል ዓይን አስቀድሞ ይታይ።

የደም ስብን ማውረድስ? እዚህ ላይ እኛው የዓይን ባለሙያዎች እንከራከራለን። ፌኖፋይብሬት የተባለው የደም ስብ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ለሬቲና ጉዳት የሌዘር ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን የስኳር ሕመምተኞች በ31 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ 1,151 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት የጉዳቱን መባባስ በ27 በመቶ ቀንሷል። ነገር ግን በ2007ቱ ጥናት የሌዘር ፍላጎት ከደም ስብ መጠን ጋር አልተያያዘም። መድኃኒቱ ምናልባት ሬቲናው ውስጥ በሌላ መንገድ ይሠራ ይሆናል፤ ለኩላሊትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ «ስብ ወረደ፣ ዓይን ዳነ» አልልም፤ ቅቤ መተው የስኳር መድኃኒትን ይተካል ማለትማ ጭራሽ!

ሴትዮዋን ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ስኒው ላይ የተሣለውን አበባ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። «ጠርዙ ይታየኛል፤ አበባው ግን የለም» አሉኝ። ሞራ ብቻ ቢሆን ስኒው በሙሉ ጉም በለበሰ ነበር፤ እንዲህ መሃሉ ብቻ ሲጠፋ የምጠረጥረው ሬቲናን ነው። ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ወደ ሆስፒታል ሊወስዳቸው ተስማማን፤ ስኳራቸውም ይለካል፣ ብሌናቸውም በጠብታ ይሰፋል።