የመረጃ ተንታኝ፦ ሰርተፍኬቱ በዛ፣ መዝገብ የሚያነብ ጠፋ

በተለምዶ “ዳታ አናሊቲክስ” የሚባለው የመረጃ ትንተና ሙያ በአዲስ አበባ የሥራ ገበያ ፈላጊ አግኝቷል። ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ አስመጪውም ሽያጩንና ደንበኛውን በቁጥር የሚያሳየው ሰው ይሻል። የመግቢያው ዋጋም ረክሷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የዳታ ሳይንስን መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ያለው ሰው ሰርተፍኬቱን ይወስዳል። ችግሩ ጎረቤቱም ያንኑ መውሰዱ ነው። ዕቃ ሲበዛ ዋጋው እንደሚወርድ ለነጋዴ አይነገርም።

ያልበዛው የአገሩን መዝገብ ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ለመለማመጃ የሚሰጠው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የተበጠረ ነው፤ የመርካቶ ሱቅ መዝገብ ግን እንዲያ አይደለም። በአንድ ገጽ “ዓለሙ”፣ በሌላው “አለሙ” ተብሎ የተጻፈውን ደንበኛ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የዱቤ ዕዳውም ለሁለት ይከፈላል። ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. “30/02/2017” ተብሎ ሲገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ያልፈዋል። ይህስ ይታያል። ጳጉሜ 3 “3/13/2017” ተብሎ ከገባ ግን በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒዩተር ማርች 13 ብሎ ዝም ይላል። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የተሠራ ግራፍ የቱንም ያህል ቢያምር ባለገንዘቡን ያከስራል።

ስለዚህ በሩ ይበልጥ የሚቀርበው ቀድሞውኑ ንግዱ ውስጥ ላለው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ለንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ለሽያጭ ሠራተኛ ነው። እነዚህ ኤክሴልን ጠንቅቀው፣ ቀጥሎም ከመረጃ ቋት መጠየቂያውን ኤስ ኪው ኤልን ቢያውቁ ለመነሻ ይበቃል። ብዙዎች ቀድመው የሚጣደፉለት ፓይተን ሊቆይ ይችላል።

ነጋዴውን የሚያሳስበው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በ100,000 ብር የተገዛ አንድ ዕቃ 20 በመቶ ያተርፋል፣ ነገር ግን በዓመት የሚሸጠው አንዴ ነው እንበል። ሌላው የሚያተርፈው 8 በመቶ ብቻ ሆኖ በዓመት አራት ጊዜ ይመላለሳል። የመጀመሪያው 20,000 ብር፣ ሁለተኛው 32,000 ብር ያስገባል። ማባዛቱ ማንንም አያስቸግርም፤ የትኛው ዕቃ ስንት ቀን መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ከመዝገብ አውጥቶ ማሳየቱ ነው ሥራው። ቀኑ ከተበላሸ ደግሞ ይህ ሁሉ ሒሳብ የለም።

ቀጣሪም ሰርተፍኬት ከሚቆጥር የአንድ ወር የተዝረከረከ መዝገብ ለአመልካቹ ሰጥቶ ቢያይ ይሻለዋል። ሥራ ፈላጊው በበኩሉ የዘመዱን ሱቅ መዝገብ አጥርቶ የሠራውን ይዞ መቅረብ ይችላል። የባለሱቁን ፈቃድ መጠየቅና የደንበኞችን ስምና ስልክ መሸፈን ግን ግድ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።