የተቀባዩ ስም

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሰው ወደ ወኪል የሚመጣው ብር ለማስገባትና ለማውጣት ነበር። ዛሬ እኔ ወኪል በሆንኩበት ቆቃ ላይ ከአበባ እርሻ ወጥተው የሚመጡ እናቶች ብሩን ካስገባሁላቸው በኋላ ስልካቸውን ያቀብሉኝና «ወንድሜ፣ አንተው ላክልኝ» ይላሉ። ብሩ የሚሄደው ለልጆች ዕቃ ሻጭ ነው፤ ለጫማ፣ ለጋሪ፣ ለዳይፐር፣ ለቆርቆሮ ወተት። ሻጩን የሚያውቁት በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ብቻ ነው።

ለምን እንዳመኑት ስጠይቃቸው የተከታዩን ብዛትና የፎቶውን ማማር ይነግሩኛል። ሁለቱም ብዙ አያስረዱም። ተከታይ በገንዘብ ይገዛል፤ ትናንት ቀልድ ሲለጥፍ የነበረ ቻናል ስሙን ቀይሮ ዛሬ የልጆች ሱቅ ሊሆን ይችላል። ፎቶም ከሌላ ሱቅ ገጽ ይወሰዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ጫማው ጠቦ ቢመጣ ወይም ጨርሶ ባይመጣ ይህ ሰው የት ይገኛል?

መጀመሪያ የሚረዳኝ ስልኩ ራሱ ነው። ቁጥሩን አስገብቼ ከመላኬ በፊት የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል። የግለሰብ ስም ከወጣ ጮክ ብዬ አነብና «ሱቁ የማን ነው አሉሽ?» እላለሁ። ስሙ ስለተለየ ብቻ ሌባ ነው አልልም፤ ቤታቸው ሆነው፣ ልጅ እያሳደጉ፣ በራሳቸው ሒሳብ የሚነግዱ ሐቀኛ እናቶች ብዙ ናቸው። እነሱ ግን ለምን እንደተለየ ሲጠየቁ አይቆጡም። የንግድ ፈቃድ ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን የሰጠ ሻጭ ደግሞ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ገጽ ላይ ሊጣራ ይችላል።

ብዙውን ነገር የሚያወጣው ግን አንድ አጭር መልእክት ነው። «አዲስ አበባ ወንድሜ አለ፤ ዛሬ መጥቶ አይቶ ይውሰድልኝ» ብለው ይጻፉለት። እውነተኛው ሱቅ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር ይልካል። አጭበርባሪው «አሁን ዲሊቨሪ ብቻ ነው»፣ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብዱን ቶሎ ላኪ» ማለት ይጀምራል። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ሰው ዕቃው በሹፌር ይላክልኝና ስረከብ ልክፈል ይበል። ለዚህም ለዚያም ሰበብ የሚደረድር ሻጭ ቀብድ አይገባውም።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ይህ መብት ግን ደረሰኝና የሚታወቅ አድራሻ ከሌለ በማን ላይ ይጠየቃል? እኔም አንዴ የሄደን ብር መልሼ ማምጣት አልችልም። የምችለው የግብይቱን ቁጥር ይዘው ወደ ቴሌብር 127 እንዲደውሉና ለፖሊስ እንዲያመለክቱ መንገር ብቻ ነው።

ስለ ወተት ግን ከሁሉም በላይ እከራከራለሁ። የጠበበ ጫማ ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል፤ ቀኑ ያለፈበት ወይም ሙቀት ውስጥ የከረመ የሕፃን ወተት ልጅ ያሳምማል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ደንብ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ ይላል። «ከዜሮ ወር ጀምሮ፣ በታላቅ ቅናሽ» እያለ የሚለጥፍ ቻናል ለሕፃኑ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ በራሱ አፍ ተናግሯል። ሕፃን አፍ የሚገባን ነገር ሞጆ ወይም አዳማ ካለ ፋርማሲ፣ ቆርቆሮውን አገላብጦ፣ ቀኑን አንብቦ መግዛት ይሻላል። የሚያጠራጥር ነገር ያየ ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 መጠቆም ይችላል።

«ሞጆ ከሚሸጥበት በሁለት መቶ ብር ይረክሳል እኮ!» ይሉኛል። ይረክስ ይሆናል። የሞጆው ባለሱቅ በጨመረው ሁለት መቶ ብር ውስጥ ግን ነገ ዕቃውን ይዘን በሩ ላይ የምንቆምበት ዋጋም አለ። በስልክ የሚሸጠውም በሩን ካሳየን ደስ ብሎኝ እልካለሁ። ካላሳየን ብሩ እዚያው ሒሳባቸው ላይ ይደር እላለሁ፤ ጫማ ነገም ይሸጣል።