ድርቅ ብቻውን አይገድልም፤ የጂኦግራፊ መምህሩ የመስፍን ወልደ ማርያም ትምህርት

ከፍራንክሊንተን፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሲነሱ አብዛኛዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፖለቲካው ነው። ገሚሱ ያከብራቸዋል፤ ገሚሱ ስማቸውን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል። በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን ከባልደረቦቻቸው ጋር መመሥረታቸውን፣ ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ በ75 ዓመታቸው ወኅኒ መውረዳቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን ሌላውን መስፍን፣ የጂኦግራፊ መምህሩን ነው። በእኔ እምነት ለአገራችን ካበረከቱት ሁሉ ትልቁ እዚያ ላይ ነው ያለው፤ እኛም ከሁሉ ይልቅ የዘነጋነው እሱኑ ነው።

መስፍን በ1930 አዲስ አበባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሕንድ አገር ከፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስትሬታቸውንና ዶክትሬታቸውን እዚህ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ካለው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍልን መርተዋል፤ በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተባለው በዚያው ተቋም ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። በ1962 የመጀመሪያውን፣ በ1970 ደግሞ የተሟላውን የኢትዮጵያ አትላስ አዘጋጁ። በ1972 የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መግቢያ የሆነውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። የአገራችን መልክዓ ምድር በአብዛኛው በውጭ ተጓዦችና በባዕዳን ካርታ ሠሪዎች ብዕር ይታወቅ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተራራውን፣ ወንዙን፣ የአየር ጠባዩን፣ እርሻውንና የሕዝቡን አሰፋፈር አንድ ላይ አድርጎ ማስነበቡ ቀላል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እንደ አንድ ጥሩ መምህር ይታወሱ ነበር። እሳቸው ግን ካርታውን ሲያዩ አንድ የጎደለ ነገር አዩ። ተራራውና ወንዙ ካርታ ላይ አለ፤ ረሃቡስ የት ነው ያለው?

ይህን ጥያቄ ይዘው ነው ከ1958 እስከ 1977 ያሉትን 20 ዓመታት አውራጃ በአውራጃ የመረመሩት። የገጠሩን ሕዝብ ለረሃብ ተጋላጭነት የሚያጠናው መጽሐፋቸው በ1984 ታተመ። ምርመራው ያሳየው ነገር የሚያስደነግጥ ነበር። በዓለም ዘንድ ስም ያወጣው የ1973ቱ የወሎ ረሃብ ነው፤ በእነዚያ 20 ዓመታት ግን ረሃብ ከመላው አገሪቱ ጨርሶ የጠፋበት ዓመት አልነበረም። አንዱ አውራጃ ሲያገግም ሌላው ይወድቃል። ረሃብ በየአሥር ዓመቱ ድንገት የሚመጣ እንግዳ ነው ብለን ስናስብ፣ እሱ ለካ ቤተኛ ሆኖ ኖሯል።

ለምን? መስፍን ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አስቀመጡ፤ ገበሬውን፣ ተፈጥሮንና የማኅበራዊውን፣ የኢኮኖሚውንና የፖለቲካውን ሥርዓት። ገበሬው የሚያመርተው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ከዚያችው ላይ ባለመሬቱ፣ አራጣ አበዳሪውና መንግሥት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጎተራው ውስጥ ለክፉ ቀን የሚተርፍ ነገር የለም፤ አቤት የሚልበትም አቅም የለውም። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ክረምት ዝናብ ሲያጣ ይወድቃል። ድርቁ የመጨረሻዋን ግፊያ ሰጠ እንጂ ገደል አፋፍ ላይ ያቆመው ሌላ ነው።

ታዲያ ዝናብ ምንም አይደለም ማለት ነው? አይደለም። ሙያዬ ምሕንድስና ስለሆነ በራሴ ቋንቋ ላስረዳ። ድልድይ ሲወድቅ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ያረፈበት ሸክም ምን ያህል ነበር? የመሸከም አቅሙስ? ተራ የጭነት መኪና ሲያልፍበት የተደረመሰን ድልድይ መርምሮ «ጥፋቱ የመኪናው ነው» የሚል መሐንዲስ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይገባዋል። ድርቅ ሸክም ነው። የገበሬው ጎተራ፣ ከብቱ፣ መንገዱ፣ ገበያውና መብቱ አቅሙ ናቸው። እኛ ግን ዘወትር የምንለካው ዝናቡን ብቻ ነው።

መስፍን ከመዘገቧቸው ታሪኮች መካከል የ1966ቱ የዋግ ረሃብ ይገኝበታል። ከአካባቢው የተላከው የረሃብ ሪፖርት ከቢሮ ቢሮ ተንከባሎ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 300 ቀን ያህል ፈጅቷል። ልብ በሉ፤ ይህ እህሉ የደረሰበት ቀን አይደለም፤ ወሬው የደረሰበት ነው። በዚህ ውስጥ የዝናብ እጥረት የቱ ጋ ነው?

በዚያው ዘመን ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን የቤንጋልንና የወሎን ረሃብ አጥንተው በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው የሚራበው እህል በአገር ስለጠፋ ብቻ እንዳልሆነና እህሉን የማግኘት አቅም ወይም መብት ሲያጣም እንደሚራብ አስረዱ። ሴን በ1998 የኖቤል ሽልማት አገኙ። መስፍን ከገበሬውና ከአገዛዙ ግንኙነት ተነሥተው ወደዚያው ሰፈር መድረሳቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ይህን የምጽፍበት ፍራንክሊንተን የተባለው የኮሎምበስ ሰፈር ራሱ ምስክር ነው። ሉካስ ሰሊቫንት የተባለ መሬት ቀያሽ በ1797 ሳዮቶ ወንዝ ዳር ቆረቆረው፤ በማግሥቱ ዓመት ወንዙ ሞልቶ አጥለቀለቀው። የኦሃዮ ዋና ከተማ በ1812 ስትመሠረት ከማዶ ያለው ከፍታ ተመረጠላት፤ ረባዳው ከጊዜ በኋላ የሠራተኛና የድሃ መኖሪያ ሆነ። በማርች 1913 ጎርፍ በኮሎምበስ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ክፉኛ የተመታውም ይኸው የምዕራቡ ወገን ነበር። ሰፈሩን ከጎርፍ የሚከላከለው ግንብ ያለቀው ግን በ2004 ነው። በዓለም አንደኛ በምትባል ሀብታም አገር 91 ዓመት! ወንዙ ለባለጸጋና ለድሃ ሳይለይ ይሞላል። ማን ረባዳው ላይ እንደሚኖርና ግንቡ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ሰው ነው።

መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1984 የኮረም ረሃብተኞች ምስል በዓለም ቴሌቪዥኖች ታየ። የተራበውን ለመርዳት ብዙ ተዘፈነ፣ ብዙ ተዋጣ። ደራሲው ያነሡት ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። በ2023 መጨረሻ ከትግራይ፣ ከዋግ ኽምራና ከሰሜን ጎንደር የረሃብ ወሬ ሲመጣ ባለሥልጣናት «ረሃብ ነው»፣ «አይደለም» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። ያኔም ዋግ፣ ዛሬም ዋግ! ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነት እርሻው ተስተጓጉሏል፤ ከብቱ ተዘርፏል፤ መንገዱ ተዘግቷል። ይህን ሁሉ «ድርቅ» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ለማን ይጠቅማል?

እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ችግር ሲሰማ እጃችን ለመዘርጋት አይሰንፍም፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ገንዘብ በምናዋጣበት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ የዚህ ገበሬ ጎተራ ከዝናቡ በፊት ለምን ባዶ ሆነ? ወሬውስ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ቀን ፈጀ? ይህን ስንጠይቅ በፖለቲካ ከመስፍን ጋር መስማማት አይጠበቅብንም። መጽሐፋቸውን ማንበብ ይበቃል።

ፕሮፌሰር መስፍን በሴፕቴምበር 2020 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ነፍስ ይማር። ተማሪ ለመሆን ግን አሁንም አልዘገየንም።

ቸር ይግጠመን።