የመኪና ኤሌክትሪክ ከየት ወዴት ይሄዳል?

መኪና በቤንዚን ወይም በናፍጣ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ነዳጁ ሞልቶ ሳለ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ጭጭ የሚልበት ጊዜ አለ። እህል የጫነ ወይም በሽተኛ ያሳፈረ መኪና በዚህ ምክንያት ከመንገድ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው በኤሌክትሪኩ መስመር ላይ ነው።

የኤሌክትሪኩ ጎተራ ባትሪ ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ በድምሩ 12 ቮልት ይሆናል። በትልልቅ የጭነት መኪናዎች ላይ ሁለት ባትሪ ተያይዞ 24 ቮልት ይሰጣል። ባትሪው ሁለት ራስ አለው። በአንዱ ላይ የመደመር (+)፣ በሌላው ላይ የመቀነስ (-) ምልክት አለ። እነዚህን ምልክቶች በሂሳብ ትምህርታችን ተዋውቀናቸዋል።

ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ወርዶ አይቀርም። በአውድማ ላይ እንደሚዞር በሬ ነው፤ ወደ ተነሣበት ካልተመለሰ ሥራ የለም። ከአንዱ ራስ ይወጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ወደ ሌላው ራስ ይመለሳል። ታዲያ የመመለሻው ሽቦ ለምን አይታይም? መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው እኮ! በአብዛኛው መኪና ላይ ከመቀነሱ ራስ የሚነሣው ወፍራም ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር በቡሎን ታስሯል። ይህ ቡሎን ከላላ ወይም ከዛገ፣ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ሞተሩ አይነሣም። እኛም በአንድ ትራክተር ላይ ይህንኑ አይተናል። ባትሪው ሞቷል ተብሎ በብዙ ገንዘብ አዲስ ተገዛ። ትራክተሩ ግን አልተነሣም። የተነሣው ዝገቱ በቢላዋ ተፍቆ ቡሎኑ ሲጠብቅ ነው።

ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቀድሞ ሰው በማኖቬላ ነበር የሚያዞረው፤ ማኖቬላው ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። በ1912 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ መኪና በኤሌክትሪክ እየተነሣ ለገበያ ቀረበ።

የቤንዚን ሞተር ደግሞ የእሳት ብልጭታ ይፈልጋል። ለዚህ 12 ቮልት አይበቃም። ኮይል የተባለው ዕቃ ኃይሉን ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል፤ ብልጭታው በካንዴላው ጫፍ ላይ ይፈጠራል። ሞተሩ ሲሠራ የካንዴላ ሽቦ በእጅ አይነካም። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ አይፈልግም። አየሩ ሲታመቅ በጣም ስለሚግል ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው በቺንጋ እየተዞረ ከባትሪው የወጣውን ይተካል። በጉዞ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት ከበራ ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለት ነው።

ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ ያገኛል፤ ሽቦው ግሎ ይነዳል። ፊውዝ የተሠራው ለዚህ ነው። ቀድሞ ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል። የተቃጠለውን ፊውዝ በሚስማር የሚተኩ ሾፌሮች አሉ። ዘበኛን አሰናብቶ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። መኪናው ከነጭነቱ ሊጋይ ይችላል።

ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ክብሪት ጭሮ ውስጡን ማየት ባትሪውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ አሲዱም ዓይን ያጠፋል። አሲድ የነካው ዓይን ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። የባትሪ ሽቦ ሲፈታ ከብረቱ ጋር የታሰረው፣ ማለትም የመቀነሱ፣ አስቀድሞ ይፈታል፤ ሲታሰርም እርሱ መጨረሻ ይታሰራል። እንዲህ ከሆነ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ እንኳ ብልጭታ አይነሣም።